ከትራሙ ሳይወርዱ፦ የሆሊውድ ስቱዲዮ ጉብኝት ምን ያሳያል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሎስ አንጀለስ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወላጆቼ ከአዲስ አበባ መጥተው ሐምሌንና ነሐሴን ከእኛ ጋር ያሳልፋሉ። አባቴ ዕድሜያቸውን በውትድርና ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እናቴን ደግሞ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መራመድ አይችሉም። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስን ሳታሳዪያቸው እንዳትሸኚያቸው» ይለኛል። ዘጠኝና ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆቼም ከአሁኑ ቀን እየቆጠሩ ነው። እኔ ግን ገብቼበት ስለማላውቅ፣ ቦታው ሙዚየም ይሁን መጫወቻ ወይስ እውነተኛ ፊልም የሚሠራበት ሥፍራ አልገባኝም። ለሁላችንም የሚሆን ነገር አለው?

መልስ፦ ቦታው የጠቀሷቸውን ሦስቱንም ነው። ቅር ብሏቸው የሚመለሱ ጎብኚዎች አብዛኞቹ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ጠብቀው የሄዱ ይመስሉኛል። ፊልም ሲቀረጽ አያለሁ ብሎ የሄደ ሰው የተዘጋ የአዳራሽ በር አይቶ ይመለሳል፤ መጫወቻ ብቻ ነው ብሎ የሄደም አስጎብኚው ስለ አሮጌ ቤቶች ሲያወራ ይሰለቻል። ስለዚህ አስቀድሞ የጉብኝቱን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል።

ነገሩ የተጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ከጀርመን አገር የመጣው ካርል ሌምሊ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1915 በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ጥግ ዩኒቨርሳል ሲቲን ሲከፍት፣ ሕዝቡ በጥቂት ሳንቲም ገብቶ በእንጨት መደዳ ላይ ተቀምጦ የፊልም ቀረጻ እንዲመለከት ፈቅዶ ነበር። ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውምና ተመልካቹ ለጀግናው ቢያጨበጭብ፣ ክፉውን ሰው ቢጮህበትም የሚበላሽ ነገር አልነበረም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን አንድ ሳል እንኳ ቀረጻውን የምታበላሽ ሆነች፤ እንግዳውም ከግቢው ወጣ። ተመልሶ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን በትራም ተጭኖ፣ ከሥራው ፈንጠር ብሎ እንዲያልፍ ተደረገ። የዛሬውም ጉብኝት የሚካሄደው በዚሁ ደንብ ነው፦ ስቱዲዮው ሥራውን ይሠራል፣ እንግዳው ሳይረብሽ ያልፋል፣ ሊያይ ያልቻለውን ደግሞ በመንገዱ ላይ የተዘጋጁት ትርዒቶች ይክሱታል።

ትራሙ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ጣሪያ ያለው፣ ተቀጣጥሎ የሚጎተት ተሽከርካሪ ነው። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ በድምፅ ማጉያ ያስረዳል፤ በየመቀመጫው ፊት ያሉት ስክሪኖችም እያንዳንዱ ሥፍራ በየትኛው ፊልም ውስጥ እንደታየ ቅንጭብ ያሳያሉ። ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ በስፓኒሽና በማንዳሪን የሚሰጥባቸው ጊዜያትም አሉ። ወላጆችዎ እንግሊዝኛ የማይከተሉ ከሆነ ከእነርሱ ጋር በአንድ መደዳ ተቀምጠው በአጭር በአጭሩ ይተርጉሙላቸው፤ በመንገዱ ላይ የሚታዩት የፊልም ጎሪላ (ኪንግ ኮንግ)፣ ሻርክና አሮጌ ቤት ምን እንደሆኑ ደግሞ ከቤት ሳትወጡ ይንገሯቸው። ያን ካላደረጉ አባትዎ «ይህ ሁሉ ሰው የሚጮኸው ምን አይቶ ነው?» ማለታቸው አይቀርም።

በመጀመሪያ የሚታዩት የቀረጻ አዳራሾቹ ናቸው። መስኮት የሌላቸው ትልልቅ መጋዘኖች ስለሚመስሉ ከውጭ ብዙም አይማርኩም። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሥራ ካለ ትራሙ መንገድ ይቀይራል፣ አስጎብኚውም ድምፁን ይቀንሳል፤ ፎቶ ማንሳት የሚከለከልባቸው ቦታዎችም አሉ። ከዚያ በኋላ ለቀረጻ የተሠሩት መንገዶችና አደባባዮች ይመጣሉ። ለእኔ የጉብኝቱ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። የኒውዮርክ ጎዳና፣ የአውሮፓ ከተማ፣ የካውቦይ መንደር በደቂቃዎች ልዩነት ይፈራረቃሉ። ትራሙ ከጎን ሲያልፍ ግን ብዙዎቹ ሕንፃዎች ፊት ብቻ እንደሆኑና ከጀርባቸው የእንጨት ድጋፍና ባዶ ሜዳ እንዳለ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣውና በጊዜ ውስጥ ስለሚጓዝ ወጣት በሚተርከው ዝነኛ ፊልም ላይ የታየው ባለ ሰዓቱ ሕንፃ በዚሁ ግቢ ይገኛል። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ላወጣው «ሳይኮ» ያሠራው ቤትም ኮረብታዋ ላይ ቆሟል። በዚያ ሲያልፉ የሞቴሉን ባለቤት የሚጫወት ተዋናይ ቢላዋ ይዞ ወደ ትራሙ ሊመጣ ስለሚችል፣ የስድስት ዓመቱን ልጅ ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ጥሩ ነው።

ከምታዩት ውስጥ ሁሉም ጥንታዊ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 በጣሪያ ጥገና ላይ የነበሩ ሠራተኞች ከተጠቀሙበት የእሳት መሣሪያ የተነሳ ቃጠሎ የኒውዮርክን ጎዳና፣ የድሮውን ትልቅ የኪንግ ኮንግ ማሽንና የቪዲዮ መዝገብ ቤቱን አወደመ። ጎዳናው እንደገና ተሠርቶ ያለቀው በ2010 ነው፤ ጎሪላውም በዚያው ዓመት በዳይሬክተር ፒተር ጃክሰን አማካይነት መነጽር ተደርጎ በሚታይ ፊልም ተተካ። ትራሙ ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ በግራና በቀኝ ስክሪኖች ይከበባል፣ ከሥሩም ይናጣል። ልጆችዎ የሚያወሩት ስለዚህ ይሆናል።

የእኔ ምርጫ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተው የመሬት መንቀጥቀጥ ትርዒት ነው። ትራሙ የሳን ፍራንሲስኮን የምድር ባቡር ጣቢያ በሚመስል አዳራሽ ውስጥ ይቆማል፤ ወለሉ ይናወጣል፣ ጣሪያው ተደርምሶ የነዳጅ መኪና ይወርዳል፣ እሳት ይነሳል፣ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ይመጣል፣ በመጨረሻም ውኃ በደረጃው ይጎርፋል። ጩኸቱ ሲያበቃ ዓይንዎን አይንቀሉ። የወደቀው መኪና ወደ ላይ ይመለሳል፣ የተሰነጠቀው አስፋልት ይገጥማል፣ ውኃውም ተመልሶ ይጠራቀማል፤ ሁሉም ለሚቀጥለው ትራም በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋጃል። ሲኒማ በምን ዓይነት ማሽንና በምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚሠራ ከማንኛውም ገለጻ በላይ ያስረዳል። የጎርፉ፣ የሻርኩና የተከሰከሰው አውሮፕላን ትዕይንቶችም በመንገዱ ላይ ይገኛሉ፤ አውሮፕላኑ እ.ኤ.አ. በ2005 ለተሠራ ፊልም የተቆራረጠ እውነተኛ ቦይንግ 747 ነው። በድሮ ቪዲዮዎች ላይ ለጉብኝቱ መዝጊያ ሆኖ የሚታየው የመኪና እሽቅድምድም ትርዒት ግን በ2025 ስለተዘጋ ልጆቹን በእርሱ ተስፋ አይስጧቸው።

ስለ አባትዎ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ከትራሙ ውጭ ካሉት መዝናኛዎች ሁሉ የሚደነቀው እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው «ዋተርወርልድ» የተባለው የውኃ ላይ ትርዒት ነው። መነሻው የሆነው ፊልም በዘመኑ ከፍተኛ ወጪ ወጥቶበት ብዙ የተተቸ ነበር፤ ትርዒቱ ግን ከፊልሙ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። የሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ሙሉ በጄት ስኪ ማሳደድ፣ ከከፍታ መዝለል፣ ተኩስ፣ ፍንዳታና እሳት አለበት። ሙቀቱ እስከ መቀመጫ ድረስ ይሰማል። ጦር ሜዳ ለነበረ ሰው ደስታም ሊሆን ይችላል፣ ያልታሰበ ድንጋጤም ሊሆን ይችላል። ተኩስና ፍንዳታ እንዳለ አስቀድመው ይንገሯቸውና መርጠው ይግቡ፤ ከገቡም መውጫው አጠገብ ከኋላ ይቀመጡ። ፊት ያሉት መቀመጫዎች ደግሞ ውኃ የሚረጭባቸው መሆናቸው ምልክት ስላለባቸው ነጠላና ጋቢ ይዞ እዚያ መቀመጥ አይመከርም። ከትርዒቱ በተለየ፣ ትራሙ አንዴ ከተነሳ መሐል ላይ መውረድ አይቻልም፤ ስለዚህ ጩኸት፣ ጨለማ ወይም መናጥ የማይስማማው ሰው ከመሳፈሩ በፊት ይወስን።

እናትዎን በተመለከተ ትራሙ ራሱ ለእርሳቸው የተመቸ ነው፤ አስቸጋሪው ወደ ትራሙ መድረሱ ነው። ፓርኩ በኮረብታ ላይና ከኮረብታው ሥር በሁለት ደረጃ የተሠራ ስለሆነ በረጃጅም ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች መውጣትና መውረድ አለ። መግቢያው ላይ ዊልቸር ይከራያል፤ «እኔ እኮ ገና አልደከምኩም» ቢሉም ይከራዩላቸው። የታችኛውን ክፍል ለልጆቹ ትተው እርሳቸው ከላይ ጥላ ሥር ቢቀመጡ ምንም አይቀርባቸውም። ከመሳፈራቸው በፊት መጸዳጃ ቤት መሄዳቸውንም አይርሱ፤ ወረፋውና ጉዞው ሲደመር ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ቀኑን ሲመርጡ ጾሙን ያስቡ። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል፤ በዚያ ወቅት የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ማለፉ የተለመደ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት በዚያ ፀሐይ ያለ ውኃ ቢውሉ ይጎዳሉ። የሚቻል ከሆነ በሐምሌ መጨረሻ፣ ከረቡዕና ከዓርብ ውጭ ባለ የሥራ ቀን ይሂዱ። ፓርኩ ውስጥ የሚሸጠው ምግብ በአብዛኛው ሥጋና አይብ የበዛበት ነው፤ ውኃና ፍራፍሬ ግን ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ማታ ሲመለሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ከተማው ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና አለ፤ በያይነቱ እዚያ ይጠብቃቸዋል።

የቲኬቱ ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል፤ ለአንድ ሰው ከመቶ ዶላር በላይ ይደርሳል፣ የመኪና ማቆሚያም ለብቻው ይከፈላል። የትራም ጉብኝቱ በመግቢያው ውስጥ የተካተተ ስለሆነ ለብቻው አይገዛም። ከምድር ባቡሩ ዩኒቨርሳል ሲቲ ጣቢያ ላይ ወርዶ ኮረብታውን በነፃ መጓጓዣ መውጣት ይቻላል። በሩ እንደተከፈተ በቀጥታ ወደ ትራሙ ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ይረዝማል፤ የመጨረሻውም ትራም የሚነሳው ፓርኩ ከሚዘጋበት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ዋጋው እጅግ ከፍ ባለው ልዩ ጉብኝት ከትራሙ ወርዶ በቀረጻ መንደሩ ውስጥ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ለእናንተ ቤተሰብ ግን ወጪው የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ለዕረፍት ወደ ሎስ አንጀለስ እሄዳለሁ። በስቱዲዮ ጉብኝት ላይ ታዋቂ ተዋንያንን የማየት ዕድላችን ምን ያህል ነው? (የኮሌጅ ተማሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እንደሌለ ቆጥረው ይሂዱ። ተዋናይ ከተሽከርካሪ ማረፊያው እስከ አዳራሹ በር የሚሄደው ጥቂት ርምጃ ነው፤ ስቱዲዮዎቹም የጎብኚዎችን መንገድ የሚቀይሱት እንዳይገናኙ አድርገው ነው። በሥራ ቀን ቢሄዱ መብራት የሚጎትቱ፣ አልባሳት የሚያመላልሱ፣ እንጨት የሚቆርጡ ባለሙያዎችን ታያላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን ግቢው ጸጥ ያለ ነው።

ተዋናይ በሥራ ላይ ማየት ዋናው ፍላጎታችሁ ከሆነ ጉብኝቱን ትታችሁ በተመልካች ፊት የሚቀረጽ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ወይም የቃለ መጠይቅ ፕሮግራም ላይ ታዳሚ መሆን ይሻላል። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው፤ ቲኬቱ በኢንተርኔት አስቀድሞ ይያዛል፣ የዕድሜ ገደብም አለው። በነፃ የሚሰጥ ቲኬት ሁልጊዜ ከወንበሩ ቁጥር በላይ ስለሚታደል፣ ቲኬት ይዞ መምጣት ብቻውን መግቢያን አያረጋግጥም፤ ቀድሞ ተሰልፎ የተገኘ ይገባል። ስልክ አይፈቀድም። የግማሽ ሰዓት ኮሜዲ ለመቅረጽ ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል፤ አንዱ ትዕይንት ደጋግሞ ይሠራል፣ በመሐሉም ሕዝቡን የሚያነቃቃ ቀልደኛ መድረክ ላይ ይወጣል። አምስተኛ ጊዜ በሰሙት ቀልድ እንደ መጀመሪያው እንዲስቁ ይጠየቃሉ፤ ያ ደግሞ ከሚያስቡት በላይ ሥራ ነው። በእኔ ግምት ስለ ቴሌቪዥን ከማንኛውም አስጎብኚ ይበልጥ የሚያስተምር ምሽት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በፊልም ሥራ ላይ ያለሁ ወጣት ነኝ። ለአጭር ሥልጠና ወደ ሎስ አንጀለስ ስሄድ አንድ ስቱዲዮ ብቻ የማየት አቅም ይኖረኛል። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ለእርስዎ ዩኒቨርሳልን አልመርጥም፤ ክፍያዎ በአብዛኛው የሚውለው ለመጫወቻዎቹ ነው። የሚያወዳድሩት በርባንክ የሚገኘውን ዋርነር ብራዘርስንና በሜልሮዝ ጎዳና ያለውን ፓራማውንትን ይሁን።

ዋርነር ብራዘርስ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በምትይዝ ትንሽ መኪና ለአንድ ሰዓት ያህል ትዞራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀረው በራስ የሚታይ ሲሆን በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ መጠየቅ ይቻላል፣ ከመኪናውም ይወረዳል። ሥራ የሌለበት ቀን ከሆነ የቀረጻ አዳራሽ ውስጥ ሊያስገቧችሁ ይችላሉ። በየአዳራሹ በር ላይ በውስጡ የተሠሩት ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች የተዘረዘሩበት ሰሌዳ አለ። ለልጅ የሚሆን ፎቶ የሚነሱባቸው ታዋቂ የድራማ ክፍሎችም በመጨረሻው ክፍል ይገኛሉ፤ እርስዎ ግን እዚያ ብዙ ጊዜ አያባክኑ።

ፓራማውንት በሆሊውድ ሠፈር ውስጥ የቀረው ትልቅ ስቱዲዮ ነው። ጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ ትርዒት የሌለበት፣ ለአዋቂ የሚስማማ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የመኪና ማቆሚያው ነው። ከኋላው ሰማይ የተሳለበት ትልቅ ግድግዳ ቆሟል፤ ሲያስፈልግ መኪኖቹ ተነሥተው ማቆሚያው በውኃ ይሞላና ባሕር ይሆናል። ገንዘብ ባለበት አገርም ቢሆን ባሕርን ወደ ግቢ ማምጣት ወደ ባሕር ከመሄድ የሚረክስበት ምክንያት ምን እንደሆነ አስጎብኚውን ይጠይቁት፤ ብርሃንን፣ ነፋስን፣ ድምፅንና የሠራተኛ ሰዓትን ስለ መቆጣጠር ይነግርዎታል። አንዱን ብቻ ማየት ካለብዎት እኔ ፓራማውንትን እመርጥልዎታለሁ።

አዳራሽ ውስጥ ሲገቡ ቀና ብለው ጣሪያውን ይመልከቱ። መብራት የሚሰቀልባቸውና ሠራተኞች የሚራመዱባቸው መተላለፊያዎች ከላይ ተዘርግተዋል፤ ካሜራ ያለበት ወለል ከመብራት ምሰሶ ነፃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ግድግዳው ድምፅ እንዲውጥ በወፍራሙ ተሸፍኗል፤ ከበሩ ውጭ ያለው ቀይ መብራት ሲበራ ማንም አይገባም፣ አይወጣምም። በአዲስ አበባ በተከራየነው ቪላ ውስጥ የጎረቤት ውሻና የጋራዥ መዶሻ ዝም እስኪል የምንጠብቀውን ጊዜ ሲያስቡት የዚህ አዳራሽ ዋጋ ይገባዎታል። ፊት ብቻ ያላቸው የመንገድ ሕንፃዎች ደግሞ ለእኛም አቅም የሚሆን ትምህርት አላቸው፦ በሩና መስኮቱ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ቀለም የተቀባ ግድግዳና መጋረጃ ካለ ካሜራው ቤት ነው ብሎ ያምናል።

ጥያቄ፦ ለንደን አካባቢ ያለው የሃሪ ፖተር ስቱዲዮ ጉብኝት ከአሜሪካዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው? (አባት፣ ለንደን)

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊቭስደን ላይ የተከፈተው የዋርነር ብራዘርስ ጉብኝት ቀረጻው ስላለቀ የፊልም ተከታታይ ብቻ የሚያሳይ ነው፤ ትራምም ሆነ የሚናጥ ማሽን የለውም። መግቢያው ላይ ሠራተኞች ይቀበሏችኋል፣ ከዚያ በኋላ ግን በራሳችሁ ፍጥነት በእግር ትዞራላችሁ። አልባሳቱ፣ የመመገቢያ አዳራሹ፣ እንዲሁም ለካሜራ የተሠራው የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ትልቅ ሞዴል ተዋናዮቹ ሲሠሩባቸው በነበሩበት ሁኔታ ይታያሉ፤ የእጅ ሙያ ለሚወድ ሰው ከሆሊውዱ ይልቅ ይህ ያጠግባል። መጽሐፉንም ፊልሙንም ለማያውቅ ልጅ ግን ረጅም ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መድቡለት። ቲኬት በር ላይ ስለማይሸጥ፣ በተለይ ለትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት፣ በጣም ቀደም ብሎ መግዛት ግድ ነው። ከዩስተን ጣቢያ ዋትፎርድ ጀንክሽን ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በስቱዲዮው አውቶቡስ ይኬዳል፤ በቲኬቱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድመው ይድረሱ።